ተክል ለራሱ ያበጀው መርዝ፣ እኛ ስንጠጣው

(በጌዴኦ፣ በወርቃ ከተማ በሕዝብ ፊት የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ ጥቂት ተስተካክሏል)

  

ስለ ቡና ለማውራት ወርቃ ድረስ መምጣቴን አይታችሁ «ለቀባሪው አረዱት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዚህች ከተማ ስም በባሕር ማዶ የቡና ከረጢቶች ላይ በጉልህ ታትሞ ይሸጣል። ቡናው ከእንሰቱ ጥላ ሥር እንዴት እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚታጠብ ከእናንተ የሚያስተምረኝ እንጂ እኔ የማስተምረው ሰው እዚህ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023፣ ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ እውቀታችሁን አይቶ ነው። እኔ የመጣሁት ሲኒው ከከንፈር ካለፈ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ልናገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለሁላችንም ጨለማ ነውና።

ይህን ርእስ የሰጡኝ አንዲት እናት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ትናንት ማታ ባደርሁበት ቤት አቦሉን ቀድተው እየሰጡኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ‹ቡና ቀንሺ፣ በተለይ ከምግብ ጋር አትጠጪ› አለቻት። በሬዲዮ ደግሞ ቡና ለጉበት ደግ ነው ሲሉ ሰማሁ። ልስጣት ወይስ ልከልክላት?» ነገ በአዳራሹ እመልስልዎታለሁ አልኋቸው። «እስከ ነገስ ትጠጣ ወይስ ትታገስ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። አሁን ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ያዩኛል።

ስለዚህ የዛሬው ዓላማዬ የእኚህን እናት ጥያቄ መመለስ ነው። ነገር ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ ብሄድ ነገ በሌላ ሬዲዮ ሌላ ነገር ሲሰሙ እንደገና ይቸገራሉ። ስለዚህ መንገዱን አዙሬ ልምጣ። መጀመሪያ ተክል እነዚህን ነገሮች ለምን እንደሚሠራ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ሰውነታችን ውስጥ ሲገቡ ሕዋስ ምን እንደሚያደርግ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ በመጨረሻም ወደ ምድጃውና ወደ ጀበናው እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍየል ጅብ ስታይ ትሮጣለች። ተክል ግን የበቀለበት ቦታ እስረኛ ነው። አባ ጨጓሬ ሲወጣበት፣ ሻጋታ ሲይዘው፣ ከብት ሲግጠው እግር የለውም። ስለዚህ የሚዋጋው ሰውነቱ ውስጥ በሚቀምመው ነገር ነው። ቡና ካፌይንን ያበጀው ለእኛ መነቃቂያ ብሎ አይደለም። በ1984 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ካፌይን ቅጠል የሚበሉ ነፍሳትን እጭ ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። መሬት ላይ ከወደቀው ቅጠልና ፍሬ ወደ አፈሩ የሚገባው ካፌይንም በዙሪያው የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅል ያስቸግራል። ቡናችሁ፣ በአጭሩ፣ ድንበሩን በመርዝ የሚያስከብር ገበሬ ነው።

ግን ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ንግግሬን ለመጀመርም አልደፍርም ነበር። እዚህ ንብ የምታንቡ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁና ይህን ልብ ብላችሁ ስሙልኝ። ያው ቡና በአበባው የአበባ ማር ውስጥም እጅግ ጥቂት ካፌይን ይጨምራል። መጠኑ ንቧ ምሬቱን ቀምሳ ከምትሸሽበት በታች ነው። በ2013 የታተመ ጥናት ያን ያህል ካፌይን የቀመሱ ንቦችን ካልቀመሱት ጋር አስተያየ፤ በማግስቱ የአበባውን ሽታ ያልረሱት ከቀመሱት ወገን ሦስት እጥፍ ነበሩ። ቅጠሉ ላይ ነፍሳት የሚገድለው ነገር አበባው ላይ ንቧን ደንበኛ ያደርጋል። ልዩነቱ መጠኑ ብቻ ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቡና ብቻውን አይደለም። ጎደሬ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ጉሮሮውን እንዴት እንደሚከረክረው እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሥሩ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ፤ ተክሉ አይጥና ከርከሮ እንዳይበሉት ያስቀመጣቸው ጦሮች ናቸው። እንሰትም የሙዝ ዘመድ ነውና፣ ይህ ቤተሰብ ሻጋታ ሲያጠቃው ብቻ የሚሠራቸው የቁስል መከላከያ ውህዶች አሉት፤ ሰላም ሲሆን አይሠራቸውም። ጎመኑ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ብልህ ነው። የሐበሻ ጎመን መሣሪያውን በሁለት ክፍል ለያይቶ ያስቀምጣል፤ በአንዱ ጓዳ ሲኒግሪን የሚባል ምንም የማያደርግ ነገር፣ በሌላው ጓዳ እሱን የሚሰነጥቅ ኢንዛይም። ነፍሳት ቅጠሉን ሲነክሱ ጓዳዎቹ ይፈርሱና ሁለቱ ይገናኛሉ፤ የሚቆጠቁጠው ነገር በዚያች ደቂቃ ይወለዳል። የጎመን ዘርና ሰናፍጭ ሲወቀጡ አፍንጫ ሰንጥቆ ዓይን የሚያስለቅሰው ይኸው ነው። ስልጆ ስንበላ የምንበላው የጎመንን ጦር መሣሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት አንድ አሳብ ለመትከል ነው። በገበያው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ቃል ሞልቷል፤ በተለይ ዱቄት በጠርሙስ ከትተው በሚሸጡ ሰዎች አፍ። ተፈጥሮ ለእኛ ብላ የሠራችው ነገር ከእናት ጡት ወተት በቀር ብዙም አይታየኝም። ተክሉ የሠራው ለራሱ ነው፤ እኛ በመካከል ገብተን የተጠቀምንበት ነን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ ልሻገር። ይህ መርዝ የእኛ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

በሰውነታችን ውስጥ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሕዋሶች አሉ። አብዛኛው የሕዋስ ዓይነት የራሱ ምድጃዎች አሉት፤ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ፤ ምግባችንን በኦክስጅን አቃጥለው ኃይል ይሰጡናል። ምድጃ ካለ ፍንጣሪ አለ። እነዚህ ፍንጣሪዎች የሕዋሱን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር መልእክት ይለበልባሉ። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ይነገረን የነበረው ታሪክ ቀላልና ያማረ ነበር፤ በቡና፣ በሻይ፣ በጎመንና በፍራፍሬ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች አንቲኦክሲዳንት ናቸው፣ ፍንጣሪውን እየያዙ ያጠፉታል፣ ስለዚህ በበዛ ቁጥር ይሻላል። እኔም ለብዙ ዓመት ይህንኑ አስተማርኩ። ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ ማስተካከል ግዴታዬ ነው።

ታሪኩ የተሰነጠቀው በመጠን ላይ ነው። በጥሬ ቡና ፍሬ ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ፖሊፌኖል በብዛት አለ። ስንጠጣው በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ሰውነት የሚገባው ሲሦው ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉ ተሕዋስያን እየበጣጠሱ ወደ ሌላ ትንንሽ ውህዶች ይለውጡታል። የገባውንም ጉበት ወዲያው ቅርፁን ቀይሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሽንት ያስወጣዋል። ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ደማችን ደግሞ ቀድሞውኑ የራሱ እሳት አጥፊዎች አሉት፤ ዩሪክ አሲድ ብቻውን በመቶ እጥፍ ይበልጠዋል። በሙሉ በርሜል ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ጨምሮ «ቃጠሎውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ምግብ ምን ያህል አንቲኦክሲዳንት እንዳለው የሚያሳይ ትልቅ ሠንጠረዥ ነበረው፤ ቁጥሩ በሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር እንደማይያያዝ አይቶ በ2012 አነሳው። ሻጮቹ ግን እስከ ዛሬ አላነሱትም።

ከዚህ የባሰ ነገርም ታይቷል። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ነው። አትክልት አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሳምባ ካንሰር የሚያዙት ጥቂት ስለሆኑ፣ ተመራማሪዎች ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ አጫሾችን ይዘው ለከፊሎቹ በየቀኑ የቤታ ካሮቲን ክኒን ሰጧቸው። በ1994 ውጤቱ ወጣ። ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳምባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ይካሄድ የነበረ ተመሳሳይ ሙከራ በ1996 ያለ ቀኑ እንዲቆም የተደረገውም ጉዳቱ ስለታየ ነው። ካሮቱ ደግ ነበረ፤ ከካሮቱ ተለይቶ ክኒን ውስጥ የታጨቀው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

እንግዲህ እሳት ማጥፊያ ካልሆኑ ምንድን ናቸው? እዚህ ጋ በሙያዬ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፤ ስለዚህ ብቆይበት ታገሡኝ።

ዕድር ያለው ሰፈር ሁሉ ጡሩምባ ነፊ አለው። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። በየሕዋሳችንም እንዲህ ያለ ጡሩምባ ነፊ አለ፤ ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ነገር ግን በሰላም ቀን ጡሩምባ ቢነፋ ሰፈሩ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ኪፕ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን አጠገቡ ቆሞ በተፈጠረ ቁጥር እየያዘ ለመፍጨት ይሰጠዋል፤ ዕድሜው ደቂቃዎች ብቻ ነው። ይህን ዘብ ጃፓናዊው ማሳዩኪ ያማሞቶና ባልደረቦቹ በ1999 ገለጡት። ኪፕ1 በላዩ ላይ ድኝ ያለባቸው ስሱ ቦታዎች አሉት፤ እንደ አፍንጫ ናቸው። አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ድኙን ሲነካው ዘቡ ይታወካል፣ የያዘውንም ይለቃል። ጡሩምባ ነፊው ያመልጥና የዘር መልእክት ወደተቀመጠበት ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ይነፋል። በዚያን ጊዜ መርዝ የሚያረክሱ፣ ፍንጣሪ የሚያጠፉ፣ የተበላሸ የሚጠግኑ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ብዙ ጂኖች በአንድነት ይነሣሉ። ሥራቸውም ቀስቃሹ ነገር በሽንት ከወጣ በኋላ ለብዙ ሰዓት ይቀጥላል።

ልብ በሉ፤ እሳቱን ያጠፋው ቡናው ወይም ጎመኑ አይደለም፣ ሕዋሱ ራሱ ነው። ተክሉ ያደረገው ነገር ቢኖር መቆጥቆጥ ብቻ ነው። የጎመን ወገን የሚቆጠቁጠው ነገር በዚህ በኩል ብርቱ እንደሆነ በ1992 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይና ባልደረቦቻቸው ከብሮኮሊ ለይተው አሳይተዋል። ቡናም ይህንን መንገድ እንደሚቀሰቅስ በላብራቶሪ ሕዋሶችና በአይጦች ላይ ታይቷል። ደም ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት መሆኑ አሁን አያስቸግረንም፤ ጡሩምባ ነፊ ለማስነሣት አንድ ሰው በር ማንኳኳቱ ይበቃል። ቅድም ያልኋችሁን ንብ አስታውሱ፤ ከምሬቱ በታች ያለ መጠን።

ሁሉም አንኳኪ ግን ደግ አይደለም። አንዳንዱ በሩን ሰብሮ ይገባል። በሰሜን ሸዋ፣ በጎንደርና በወሎ ጓያ የሚዘሩ ገበሬዎች ይህን በእግራቸው ያውቁታል። ጓያ ድርቅ ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ብቻ ይቀራል። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የሚባል ውህድ፣ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚልክበትን ግሉታሜት የተባለ ነገር ይመስላል። የነርቭ ሕዋስ እውነተኛው መልእክት የመጣ እየመሰለው ያለ ዕረፍት ይተኩሳል፤ ይደክማል፤ ይሞታል። ለወራት ጓያን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል፤ የተያዘውም እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ የነርቭ ሐኪሞቻችን በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠሮች ይህን በሽታ ተከታትለው አጥንተውታል። ጓያም ተፈጥሯዊ ነው። ጥቂቱን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላና እሱን ብቻ ሦስት ወር የበላ ሰው ግን እኩል አይደሉም።

ካፌይንም አሠራሩ ለነርቭ መልእክት ይቀርባል፤ ግን ትሕትና አለው። ሕዋስ ኃይል ባቃጠለ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ አንጎል ውስጥ በራሱ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ «ደክሞሃል፣ ተኛ» ይላል። ካፌይን አዴኖሲንን ስለሚመስል ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል፤ ግን ቁልፉ ገብቶ አይዞርም። ድካሙ አልተነሣም፣ ወሬው ታፈነ እንጂ። በየቀኑ ስንጠጣ አንጎል ተቀባዮቹን ያበዛል፤ ቡና በቀረ ቀን አዴኖሲኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሞላቸዋል፣ የአንጎል የደም ሥሮችም ይሰፋሉ። «ሱሴ ነው፣ ራሴን ፈለጠኝ» የምንለው ይህንን ነው። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ።

ሬዲዮው ስለ ጉበት ያለው ነገር ውሸት አይደለም። በ1991 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቡናን በፊኛ ካንሰር ጠርጥሮት ነበር፤ በ2016 እንደገና ብዙ ጥናቶችን መርምሮ ጥርጣሬውን አነሣ፣ በጉበትና በማኅፀን ግድግዳ ካንሰር ላይ እንዲያውም ጠጪዎቹ የተሻሉ ሆነው መታየታቸውን ገለጠ። በ2002 ከ17,000 በላይ ሆላንዳውያንን የተከታተለ ጥናት ደግሞ በቀን ሰባት ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በስኳር በሽታ የመያዛቸው ነገር ሁለት ሲኒ ወይም ከዚያ በታች ከሚጠጡት በግማሽ ያህል ማነሱን አሳየ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ካፌይኑ በወጣለት ቡናም ይህንኑ ስላዩ፣ ምክንያቱ ካፌይኑ ሳይሆን ሌላው ውህድ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ሁለት ነገር እላለሁ። እነዚህ ሰዎችን በመከታተል የተገኙ ናቸው፤ ቡና የሚጠጣና የማይጠጣ ሰው በሌላም ነገር ይለያያል። ደግሞም የአንዱ ሰው ጥቅም ለሌላው አይሆን ይሆናል፤ ሆላንዳዊው ጎልማሳ የጠገበ ነው።

እነሆ ወደ ምድጃው ተመለስን። ሦስተኛው ነገሬ ይህ ነው፤ ከተክሉ የምናገኘውን የሚወስነው ተክሉ ብቻ ሳይሆን የሚቆላው፣ የሚከትፈውና የሚቀዳው እጅ ነው።

ቡና ሲቆላ ምጣዱ ላይ የሚሆነው ነገር ቀላል አይደለም። ከ100 ግራም ጥሬ ቡና ከ5 እስከ 8 ግራም ያህሉ ክሎሮጀኒክ አሲድ ነው፤ በጠቆረ ቁጥር እየተሰባበረ ያልቃል። ከሰል እስኪመስል የሚቆላ ሰው ቡናውን ሳይሆን የቡናውን ትዝታ ይጠጣል። በሌላ በኩል ትሪጎኔሊን የተባለው ውህድ በእሳቱ ወደ ናያሲን፣ ወደ አንዱ የቫይታሚን ቢ ዓይነት፣ ይለወጣል፤ ጥሬው ላይ እምብዛም ያልነበረውን ምጣዱ ይወልደዋል። ጀበናውን ደግሞ እንየው። በቡና ቅባት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፤ አንጀትና ጉበት ስለ ሐሞት የሚነጋገሩበትን መልእክት እያዛባ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። ይህ የታወቀው በኖርዌይና በፊንላንድ እንደ እኛ አፍልተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ ነው፤ በወረቀት ማጥለል ሲጀምሩ ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ቀረ። የእኛ ጀበና አተላውን በማዝቀጥና በውታፉ ይይዛል፤ ቅባቱን ግን አይይዝም። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ሌላው ብዙ አይጨነቅ። ስለ ትኩሳቱ ግን ሁላችሁንም እለምናለሁ፤ ያው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ ሁሉ የጉሮሮ ቧንቧን ለካንሰር ያጋልጣል ማለት ይቻላል ብሏል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የውህድ አይደለም፣ የእሳት ነው። ጥቂት ይቀዝቅዝ።

ስለ ጎመን አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፈው። ጎመኑን ከትፋችሁ ወዲያው ከሚፈላ ውኃ ውስጥ ከከተታችሁት ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ሁለቱ ጓዳዎች ሳይገናኙ ይቀራሉ። ከትፋችሁ ጥቂት ደቂቃ ብታቆዩት መሣሪያው ከእሳቱ በፊት ይወለዳል። የጎመን ወገን ውህዶች የእንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ ስለሚሻሙ ጨዋችሁ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ሀገራችን በ2011 በደንብ የደነገገችው ነገር ነው።

አሁን የእናታችን ጥያቄ።

በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤናና ሥነ ሕዝብ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ ሕፃናት 57 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የብረት ማነስ ነው። ከሥጋ የሚገኘው ብረት በራሱ በር ስለሚገባ ብዙ አይቸገርም። በጎመን፣ በባቄላና በእህል ውስጥ ያለው ብረት ግን አንጀት ውስጥ ራቁቱን ነው፤ የሚይዘው ካገኘ ይያዛል። የሚይዘውም የእኛው ክሎሮጀኒክ አሲድ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በዚህ ውህድ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጣቶች አሉ። እነዚያው ሁለት ጣቶች ናቸው ሕዋሱ ውስጥ ተለውጠው የዘቡን ድኝ የሚነኩት፣ ጡሩምባውን የሚያስነፉት። እነዚያው ሁለት ጣቶች ናቸው አንጀት ውስጥ ብረቱን ጨብጠው የማይለቁት። ሬዲዮው ያመሰገነውና የጤና ኤክስቴንሽኗ የከለከለችው አንድ እጅ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

የሚለያቸው ሰዓቱ ነው። በ1983 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ከዚያ ምግብ የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ እንደሚቀንስ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ እኩል ነበር። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ሆድ ውስጥ የሚገናኙት በአንድ ጊዜ ካልሆነ ብረቱ ያመልጣል። እኛ ግን ልማዳችን ከምሳ ላይ ተነሥቶ ወደ ጀበና ነው፤ ብረቱና እጁ በትክክል በሚገናኙበት ሰዓት።

ለነፍሰ ጡር ሁለተኛ ነገር ይጨመራል። ካፌይንን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም በእርግዝና ጊዜ ይቀዘቅዛል። በሌላ ጊዜ በአምስት ሰዓት ገደማ በግማሽ የሚቀንሰው ካፌይን በእርግዝናው መጨረሻ በግማሽ ለመቀነስ እስከ 15 ሰዓት ይወስድበታል። ወደ ፅንሱም ይሻገራል፤ ፅንሱ ደግሞ ኢንዛይሙ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ እርጉዞች እንዲቀንሱ መክሯል።

ስለዚህ እናቴ፣ ይስጧት። አቦሉን ሳይሆን ቶናውን ይስጧት፤ ውኃው የሚደገመው በዚያው ዱቄት ላይ ነውና ይቀላል። አንድ ሁለት ሲኒ ይብቃት። ከምሳዋ አንድ ሰዓት ቀድማ፣ ወይም ከበላች ሁለት ሰዓት አልፎ ትጠጣ። ከቡናው ጋር ቆጮና ጎመን አያቅርቡላት፤ የቡና ቁርሷ ቆሎ ትሁን፣ ትልቁን ምግብ ለብቻው ትብላ፣ በጎመኑ ላይም ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ትጨምርበት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ከሚጨብጡት ጣቶች ያስጥለዋልና። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት ክኒን በውኃ እንጂ በቡና አትዋጠው። የጤና ኤክስቴንሽኗም ያለችው ይህንኑ ነው፤ እኔ ያረዘምኩት ምክንያቱን ለመንገር ነው።

አሁን መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ። ጀበናው መድረሱ ከዚህ ይሸተኛል፤ ምሳ ከበላን ደግሞ ገና ሰዓት አልሞላም። በነገርኋችሁ መሠረት ልንታገስ ይገባን ነበር። እኔ ግን ነፍሰ ጡር አይደለሁም፤ አቦሉን ለእኔ አምጡልኝ።